ለማይከፍሉት የተቀመጠ ነዳጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ «ሥራሽ ምን ነበር?» እያለ ይጠይቀኛል። ሥራ ላይ ሳለሁ ማንም አልጠየቀኝም። ሀዋሳ ታቦር ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ጫማዬ ዘወትር ነጭ አቧራ የለበሰ ስለነበር ዱቄት ወፍጮ ያለኝ ይመስላቸው ነበር። የማዕድን ተቆጣጣሪ ነበርኩ ስላቸው «ወርቅ!» ይሉና ዓይናቸው ይበራል። ወርቅ አለመሆኑን፣ አሸዋና ገረጋንቲ፣ ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና የመሠረት ድንጋይ መሆኑን ስነግራቸው ወሬውን ወደ ልጆቼ ያዞሩታል።

እኔ ግን ሀዋሳን የማያት በወጣችበት ጉድጓድ ነው። መሃል ከተማ ያለው ባለ መስታወቱ ሆቴል ድንጋዩ ከየትኛው ካባ፣ ከየትኛው የድንጋይ ማውጫ፣ እንደተቆረጠ አውቃለሁ። ከሐይቁ አጠገብ የተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ብሎኬታቸው የየትኛው ኮረብታ ፑሚስ እንደሆነ አውቃለሁ። ከተማዋ ሽቅብ ባደገች ቁጥር በዙሪያዋ ያለው ኮረብታ ይበላል። የእኔ ሥራ ኮረብታው ሲበላ ሰው አብሮ እንዳይበላ መጠበቅ ነበር።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ወልደየስ ናቸው። እኔ ስቀጠር የክፍሉ ነባር ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ደግሞ የሚያናድዱ። የመጀመሪያው ቀን ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጌ ብመጣ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ሠርግ አለ እንዴ?» አሉ። ከሰዓት በኋላ አንደኛው ተረከዝ ገረጋንቲ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ሸራ ጫማ ገዛሁ፤ እስከ ጡረታዬም ከሸራ ጫማ አልወጣሁም።

ያኔ መሥሪያ ቤታችን ለመስክ የሚሆን መኪናም ነዳጅም አልነበረውም። ባለ ፈቃዶች የሚከፍሉት የፈቃድና የእድሳት ገንዘብ እንዳለ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል፤ ከዚያ ለእኛ ይመለሳል የሚባለው በጀት «ላም አለኝ በሰማይ» ነበር። ስለዚህ አንድ ልማድ ተፈጠረ። ተቆጣጣሪ ካባ ሊያይ ሲሄድ መኪና የሚልከው የሚታየው ሰው ራሱ ነው። ጠዋት ሾፌሩ ቢሮ በር ላይ ይጠብቃል። ካባው ጋ ሲደረስ ግድግዳው ተስተካክሎ፣ ሠራተኛው ሁሉ አዲስ የራስ ቆብ ደፍቶ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ደግሞ በግ ታርዶ ይቆያል። ማንም እንደ ነውር አያየውም ነበር። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ደብዳቤ ሲጽፍ መጨረሻው ላይ «ተሽከርካሪ እንዲመድቡልን» የምትል ቃል ጣል ያደርግ ነበር።

በሰው መኪና የማይሄዱት ጋሽ ወልደየስ ብቻ ናቸው። ሚኒባስ እስከሚያደርስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር። በፌስታል በሶ ይይዛሉ። በሶውን በጥብጠው ከጠጡ በኋላ የባለ ካባውን ምሳ «ጠግቤያለሁ» ማለት ውሸት አይሆንባቸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚያላግጡባቸው ባልደረቦች ነበሩ። እሳቸው «ይቆጨኛላ እንግዲህ» ይላሉ፤ ሌላ አይጨምሩም።

ካባ ሲደርሱ ሰላምታ አያስቀድሙም። ለአገራችን ሰው ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው። ከታች ያለውን ሰው ሳያነጋግሩ ዞረው ከግድግዳው በላይ ይወጣሉ። «ሰው ግድግዳን የሚያየው ከታች ሆኖ ነው፤ መውደቅ የሚጀምረው ግን ከላይ ነው» ይሉኝ ነበር። ከጫፉ ወደ ኋላ እየተራመዱ ሣሩን በእግራቸው ይገልጣሉ። የሚፈልጉት ስንጥቅ ነው፤ መጀመሪያ ሲታይ የፀጉር ያህል ነው፣ ፍየል የማትደናቀፍበት። ሲያገኙ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ችካል ይተክሉና በመካከሉ ሲባጎ ያስራሉ። አስተሳሰሩን ያስተማሩኝ ደጋግመው እያስፈቱኝ ነው፤ ሲባጎው ላልቶ መንጠልጠል የለበትም፣ ከርሮም መወጠር የለበትም፣ በጣት ሲነካ ትንሽ እሺ ማለት አለበት። ተመልሰው ሲመጡ ከከረረ ስንጥቁ ሰፍቷል። ከተበጠሰ ከዚያ ግድግዳ ሥር ውሻ እንኳ ማለፍ የለበትም።

ከዚያ ይወርዱና ድንጋዩን በድጅኖ መታ መታ ያደርጉታል። ጤነኛ ድንጋይ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ከኋላው የተለየው ባዶ እንስራ ሲመታ እንደሚሰማው ይሰማል። ፑሚስ ግን ድምፅ የለውም። ሳይናገር ነው የሚወርደው። ለፑሚስ ያለው ሲባጎ ብቻ ነው።

ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ቆመው አያውቁም። ልማዱ ሥር ሰዶባቸው ሻይ ቤት እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር የሚቀመጡት። አስተናጋጆቹ ከእኔ ጋር የተጣሉ ይመስሏቸው ነበር።

አቶ ታምሩ ኃላፊ ሆነው ሲመጡ ነገሩ ተለወጠ። ወጣት፣ ቀልጣፋ፣ ስብሰባ በሰዓቱ የሚጀምሩ ሰው ነበሩ። ባለ ፈቃዶች ከሚከፍሉት ገንዘብ የተወሰነው ለቁጥጥር ሥራ እዚሁ እንዲቀር ከበላዮቻቸው ጋር ተሟግተው አስፈቀዱ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ኮረብታውን የሚቆፍረው ይክፈል፣ በከፈለውም ይጠበቅ። ሁለት ፒክአፕ መጣልን። የነዳጅ ኩፖን መጣ። ውሎ አበል በወቅቱ መድረስ ጀመረ። ደስ አለን፤ ለምን እዋሻለሁ። የሰው ጋቢና ውስጥ እግራችንን ሰብስበን መሄድ ቀረልን።

ጋሽ ወልደየስ ያኔ ጡረታቸው ደርሶ ነበር። በሽኝታቸው ዕለት ንግግር አድርጉ ሲባሉ ተነሥተው አቶ ታምሩን አመሰገኑ፤ ከልባቸው ነበር። ከዚያ «አንድ ነገር ብቻ ልጨምር» አሉ። «እስከ ዛሬ የአንድ ሰው መኪና ነበር የምትሳፈሩት። ከአሁን ወዲያ የከፋዮች ሁሉ መኪና ነው። የሚከፍል ሰው ደጅ ላይ ብቻ እንዳትቀሩ።» ተጨበጨበ፣ ኬክ ተቆረሰ። ሲወጡ ድጅኖአቸውን ሰጡኝ።

መጀመሪያ የገባኝ የአባባላቸው ግማሽ ብቻ ነው። አንድ ትልቅ ካባ ነበር፤ ባለቤቱ ከሁሉም በላይ ከፋይ ነው። ግድግዳውን ከሥር ቦርቡሮ እንደ ጣሪያ አንጠልጥሎታል። ሥራ አቁሙ ብዬ ስጽፍ ከጎኔ መጥቶ የመኪናችንን ጎማ በእግሩ ነካ አደረገ።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ይሄ ጎማ እኮ የኔ ነው» አለኝ።

«ለዚህ ነዋ ወደ እርስዎ መንገዱን ያልሳተው» አልኩት።

አገድኩት። ቢሮ ስመለስ አቶ ታምሩ ፊታቸው ነጣ፤ የዚያ ሰውዬ እድሳት ማለት ለክፍላችን ብዙ ነዳጅ ነበር። ሆኖም ፈረሙ። ሰውዬው አኩርፎ ከርሞ ግድግዳውን በእርከን አስተካክሎ መጣ፤ ከፈለም። ያን ቀን ከፋይን አልፈራሁም፣ ጋሽ ወልደየስን ረታኋቸው ብዬ ደስ አለኝ። ሌላው ግማሽ ያመለጠኝ ለዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ ይሄ ነው። በአዲሱ አሠራር እያንዳንዱ ካባ የሚጎበኘው ከከፈለው ገንዘብ ላይ በሚወጣ ነዳጅ ነበር። በማኅበር የተደራጁ ሥራ አጦች ደግሞ፣ እንዲቋቋሙ ተብሎ፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከክፍያ ነጻ ናቸው። ደግ ሕግ ነው። ነገር ግን ያልከፈለ ካባ ነዳጅ የለውም፤ ነዳጅ የሌለው ካባ አይጎበኝም። «ድሆቹን አንይ» ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም። ሁለት ደግ ነገሮች ተጋጥመው ነው ይህን ያመጡት።

ማርታ አንድ ጠዋት ቢሮ መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ፑሚስ የሚያወጣ ማኅበር ሰብሳቢ ነች፤ ባሏ ዳንኤልም እዚያው በአካፋ ይጭናል። ከእኔ ጋር በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ነበር የምናወራው። የእኔ ሲዳሙ አፎ በካባ የተማርኩት ስለሆነ ስለ ድንጋይ ካልሆነ ስለ ሌላ ብዙም አያስወራም፤ እሷ ይሄ ያስቃት ነበር። ያን ዕለት ግን አልሳቀችም።

«እትዬ፣ ግድግዳችን በጣም ከፍ ብሏል። እኛ አናውቅበትም። መጥታችሁ እዩልን» አለችኝ።

ይዣት አቶ ታምሩ ቢሮ ገባሁ። በአማርኛ ደገመችላቸው።

«ማኅበራችሁ ገና ከክፍያ ነጻ ነው አይደል?» አሉ።

«አዎ ጌታዬ።»

«ችግሩ እሱ ነው። አሁን ለነጻ ማኅበራት የተያዘ ነዳጅ የለንም። የእድሳት ገንዘብ ሲገባ እናያለን።»

ማርታ ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው አስከፍሉን» አለች።

«ምን?»

«እናዋጣለን። አስከፍሉንና ኑልን።»

አቶ ታምሩ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ሳቅ ነበር። «ነጻ የሆነን ሰው ላስከፍል አልችልም፤ ሕግ ነው» አሏት። ማርታ አመስግና ወጣች። በዚህ ሥራ ስኖር ክፍያ ቀንሱልን ብሎ የመጣ ሰው ተቆጥሮ አያልቅም፤ አስከፍሉኝ ብላ የመጣች እሷ ብቻ ነች።

ቅዳሜ በሶዬን በፌስታል፣ ድጅኖዬን በእጄ ይዤ በሚኒባስና በባጃጅ ሄድኩ። ዳንኤል ከሩቅ ሲያየኝ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። «የመንግሥት ሰው በእግሩ ሲመጣ ዛሬ ገና አየሁ» አለ። «መኪናው ተሰርቆ ነው?» ሠራተኞቹ ሳቁ። ሰላም ሳልለው ዞሬ ወደ ላይ ወጣሁ፤ ከኋላዬ «ደግሞ ኩራቷ!» ሲል ይሰማኛል።

ስንጥቁን ሣር ውስጥ አገኘሁት። የፀጉር ያህል አልነበረም፤ ጣቴ ገባ። ችካል ተክዬ ሲባጎ አሰርኩ። ማርታና ዳንኤልን ወደ ላይ ጠርቼ አሳየኋቸው፤ ዳንኤል ከዚያ በኋላ አልቀለደም። እርከን እስኪሠራ ድረስ ማንም ከሥር እንዳይገባ ነገርኳቸው።

«እኛ እንወጣለን» አለ ዳንኤል። «ባለ ገልባጭ መኪኖቹስ? ቅድሚያ ከፍለውናል። የእገዳ ወረቀት ካለን መንግሥት ዘጋው እንላቸዋለን፤ ይተዉናል። ወረቀት ከሌለን ሌባ ነው የሚሉን።»

ትክክል ነበር። እኔ ደግሞ ያን ቀን ቅዳሜዋን የምታባክን ሴትዮ እንጂ ተቆጣጣሪ አልነበርኩም። እገዳ የሚጻፈው በፕሮግራም በተሄደ ጉብኝት ነው።

ሰኞ አቶ ታምሩ ጋ ገባሁ። «ያለ ፕሮግራም በታየ ነገር እገዳ ብፈርም ነገ ትልቆቹ ይከሱኛል» አሉ። ግን ደነገጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንደምንም መኪና እንደሚያወጡ ቃል ገቡ። እነ ማርታ ወረቀቱን እየጠበቁ ከካባው ወጡ። ዝናብ ጣለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ማርታ ደወለች።

«እትዬ፣ ሲባጎው ተበጥሷል።»

ስልኩን እንደያዝኩ የአቶ ታምሩን ስብሰባ አቋርጬ ገባሁ። ሁለቱም ፒክአፕ በዕቅዱ መሠረት ትልልቆቹ ከፋዮች ጋ ሄደው ነበር። አቶ ታምሩ ለነገ ጠዋት መኪና አዘዙ። ለማርታ ማንም እንዳይገባ ደግሜ ነገርኳት፤ ነገ ወረቀቱን ይዤ እንደምመጣም ነገርኳት።

በማግስቱ እኛ ነዳጅ እየቀዳን ሳለ አንድ ባለ ገልባጭ ከማለዳ ጀምሮ እነ ማርታ አናት ላይ ቆሞ «ወይ ጫኑልኝ ወይ ገንዘቤን መልሱ» ይላቸው ነበር። «የሚጫነው ከግድግዳው ሥር ቀድሞ የተቆፈረው ነው፣ አዲስ የሚነካ ነገር የለም» አለ ዳንኤል። ሌሎቹን አስቀርቶ ብቻውን ገባ። ፑሚስ ሳይናገር ነው የሚወርደው ብያለሁ።

ያን ቀን ነዳጅ ተገኘ። የእኛ ሁለት መኪና፣ የፖሊስ፣ የአስተዳደር፣ ስሙን የማላውቀው ኮሚቴም መኪና፤ መንገዱ አልበቃቸውም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ ውሾቹ እኛ ነበርን። ሰዎች «ራስሽን አትውቀሺ» ይሉኝ ነበር። ራሴን አልወቀስኩም። ተናድጄ ነበር፤ ለረጅም ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር። ሰውን ከሞት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ሰው እስኪሞት የነዳጅ በጀት ሲፈልግ ማየት ያናድዳል።

የዳንኤል ለቅሶ ላይ አቶ ታምሩ መጡ። ጋሽ ወልደየስም በከዘራ መጥተው ነበር። አቶ ታምሩ ማርታ አጠገብ ጎንበስ ብለው ሲያጽናኗት ቀና ብላ አየቻቸው።

«አሁን ስንት እንክፈል?» አለች።

አሽሙር አልነበረም። የቀሩት የማኅበሩ ሰዎች ወደዚያው ካባ ነው የሚመለሱት፤ ማወቅ ፈልጋ ነው የጠየቀችው። አቶ ታምሩ ከአጠገቧ ርቀው ድንኳኑ ጥግ ሄደው ለብዙ ጊዜ ብቻቸውን ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን እመሰክርላቸዋለሁ። ትልልቆቹ ከሚከፍሉት ላይ አንድ ድርሻ ለማይከፍሉት ተለይቶ እንዲቀመጥ አደረጉ። የጉብኝቱም ቅደም ተከተል በክፍያ መሆኑ ቀርቶ በግድግዳ ሆነ፤ ስንጥቅ ያለበት ይቀድማል። ትልልቆቹ «በእኛ ገንዘብ የሰው ካባ ይጠበቃል እንዴ?» ብለው አቤት አሉ፣ በላይ አለቆች ዘንድ አስጠሯቸው፤ አቶ ታምሩ ግን ከሐሳባቸው አልተመለሱም። ያን ድርሻ ቢሮ ውስጥ «የዳንኤል ነዳጅ» እንለው ነበር፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ በስብሰባ ላይ።

ዓመታት አለፉ። የማርታ ማኅበር በርትቶ ኮረብታውን በእርከን አወረደው። ማርታ ከሁሉ በፊት ጠዋት ወደ ላይ ወጥታ ሲባጎ ትነካለች፤ እሷ ሳትወርድ ማንም አካፋ አያነሣም። ከክፍያ ነጻ የሆኑበት ዘመን ሲያበቃም የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«አሁን የኛ ነዳጅ አለ አይደል?» አለችኝ።

«አለ። መቼ እንምጣ?»

«እኛን ቆይታችሁ ታዩናላችሁ። ከኛ ወዲያ አዲስ ማኅበር ገብቷል፤ ገና አይከፍሉም። ቁፋሯቸው አላማረኝም። በኛ ነዳጅ እነሱ ጋ ሂዱ።»

የመጨረሻው የመስክ ሥራዬ ያ ሆነ። አብሮኝ የሄደው ወጣት ባልደረባዬ ድሮን አስነሣ፤ እኔ ሳልወጣ ስንጥቁን በስክሪን አሳየኝ። ግሩም ነገር ነው፣ ጉልበቴም አመሰገነው። እንዲያም ሆኖ ወጥቼ ሲባጎዬን አሰርኩ። እገዳውን እዚያው ጽፈን ሰጠን። የአዲሱ ማኅበር ሰብሳቢ በቀለ የሚባል ትልቅ ሰው ነው፤ ሰደበኝ።

«እንጀራችንን ዘጋሽ! ልጆቻችንን አንቺ አብያቸው እንግዲህ!»

«ስልኬን ልስጥህ፤ የረሳኸው ስድብ ካለ ደውለህ ትጨምራለህ» አልኩት። ተናዶ ስልኬን ተቀበለ።

ጡረታ ወጣሁ። ድጅኖው ቤቴ በር ጀርባ ቆሟል። የክረምቱ ዝናብ እንደገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ አስቴር ነዎት? በቀለ ነኝ።»

«አቤት በቀለ።»

«ግድግዳው ወረደ።»

«ማን ነበር ከሥሩ?»

«ማንም። ሁለት አካፋ ነው የተቀበረው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን ሰድቤዎት ነበር።»

«ስድብ አይገድልም» አልኩት።

ባጃጅ ይዤ ማርታ ጋ ሄድኩ። ከሥራ ወጥታ ደጃፏ ላይ እግሯን ትታጠባለች። የሆነውን ነገርኳት።

«በኛ ነዳጅ ነበር የሄዳችሁት?» አለች።

«በእናንተ ነበር።»

ሻሿን አውርዳ ፊቷን ሸፈነችና አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቀና ስትል በቀለና ባልደረቦቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ሃያ ይሆናሉ አልኳት።

«ሁሉም ዛሬ ቤታቸው ይገባሉ» አለች።